የሜላት ሃያ «ራን»

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሃያ! ለአንድ ቃል ሃያ ትርጉም! ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ሜላት ግን አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው አጫጭር ቃላት በወረቀት ጠቅልላ ዕጣ አስወጣቻቸው። እያንዳንዱ ልጅ የደረሰውን ቃል ትርጉም ይሰበስባል፤ የዛሬ ሳምንት ወላጆች ባሉበት ክፍል ፊት ቆሞ ያቀርባል። «ሃያ ያመጣ ጎበዝ ነው» ብላቸዋለች። ለልጅ ልጄ «ራን» ደረሳት።

እኔ መሮጥ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የመሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኜ ፈረንጅ መሐንዲሶች ሳመላልስ ሞተር ሲሠራም «ራን» ሲሉ ሰምቻለሁ። «በቃ፣ ሁለት አገኘን። አሥራ ስምንት ቀረን» አልኳት።

ያልነገረችኝን ግን አውቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሰው ፊት ስትናገር አፏ ይያዛል። ከፊደል ሁሉ የሚይዛት ደግሞ «ር» ነው። ከዚያ ሁሉ ዕጣ ይቺ ትውጣባት! ከጎኗ ያለችውን ልጅ ቀይሪኝ ብትላት እምቢ አለቻት።

እናቷ፣ ልጄ ትዕግሥት፣ ከቢሮ ስትመጣ ማእድ ቤት ጠርታኝ «አባዬ፣ አስተማሪዋን ላናግርላት እንዴ?» አለችኝ። በቀስታ ነበር ያለችው፤ የሜላት ጆሮ ግን ግድግዳ አያግደውም። «እማዬ አታናግሪያት። እሞክራለሁ።» ይቺን ነው የምወዳት።

ለራሴ፦ ቅዳሜ የቂርቆስ ማኅበር ተራው የእኛ ነው። ወንበር ከጎረቤት መዋስ። ዳቦው የት ይጋገራል? ትዕግሥትን መጠየቅ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

አደን ወጣን። ካዛንቺስ ከትምህርት ቤቷ በር ተቀብያት እስከ ቤት ድረስ «ራን» ስንለቅም መጣን። እሷ ከስልክ ታጣራለች፣ እኔ በዓይኔ እፈልጋለሁ።

የተገኘው፦
አፍንጫ ሲፈስ። (የሷ። በሶፍት ጠረግኩላት።)
ታክሲ በመስመሩ ሲመላለስ።
ውሃ ከቧንቧ ሲወርድ። ይኼኛው በእኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ቀን ነው «ራን» የሚሆነው አልኳት።
ሱቅ ማስተዳደር።
ስኳር ሲያልቅ። ቤት ስንደርስ እውነትም አልቋል።
የእናቷ ስቶኪንግ ሲተረተር። ትዕግሥት ጠዋት የታክሲ በር ይዞባት ስትናደድ ነበር፤ ማታ «ቁጥር ስምንት እግርሽ ላይ አለ» ብላት ጫማ ልትወረውርብኝ ምንም አልቀራት።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

አሥራ አራት ደረስን። ትኩሳት መያዝ፣ ለምርጫ መወዳደር፣ ሰው መንገድ ላይ ድንገት ማግኘት። ሌላውን ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች።

«እንግሊዝ ምን ያህል ቃል ቢቸግረው ነው፣ አንዷን ምስኪን እዚህም እዚያም የሚያሠራት?» አልኩ። «እኛ ለአፍንጫው ይፈሳል፣ ለሞተሩ ይሠራል፣ ለስቶኪንጉ ይተረተራል እንላለን። ሁሉም የራሱ አለው።»

ትንሽ አሰበችና «‹ገባ›ስ?» አለችኝ። «ሰውዬው ቤት ገባ። ፀሐይ ገባች። ቃል ገባ። ትምህርቱ ገባኝ። ጨርቁ ሲታጠብ ገባ።» በጣቷ እየቆጠረች ወደ ሌላኛው እጅ ተሻገረች። እጅ ሰጠሁ። ሽማግሌ በገዛ ቋንቋው ሲሸነፍ!

ትልቁ ወሬ፦ መስተዋት ፊት ቆማ አሥራ አራቱንም አንድም ቦታ ሳትያዝ አለቻቸው። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። አላወቀችም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሳልሸፋፍን ልጻፈው።

ሐሙስ ሐሙስ ጡረተኛ ሹፌሮች የምንገናኝበት ኬክ ቤት ኦሎምፒያ አለ። ሜላትን ይዤ ገባሁ። ንጉሤና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ንጉሤ የድሮ ባልደረባዬ ነው፣ በማኅበርም አንድ ነን። ለሷ ኬክ አዘዝኩ። ከዚያ ኩራት ያዘኝ። «ተነሺና አሥራ አራቱን ለጋሽ ንጉሤ አሰሚያቸው!»

ደብተሯን ይዛ ተነሣች። ከየጠረጴዛው ሰው ዞረ።

«ራ... ራ... ራ...»

ዝም ብዬ መጠበቅ ነበር። ዝም ማለት የት ለምጄ! «ሞተሩ አልነሣ አለ እንዴ? ንጉሤ፣ ና እንግፋት!» አልኩ። ንጉሤም ብድግ ብሎ እጁን እንደሚገፋ ሰው ዘረጋ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ደብተሯን ዘጋች። ተቀመጠች። ኬኩን አልነካችውም።

መንገድ ላይ «ቀልድ እኮ ነው፣ የኔ ቆንጆ» ብላት «አውቃለሁ» አለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ጠዋት ስነሣ ደብተሩ ትራሴ አጠገብ ተቀምጧል። መልሳልኛለች ማለት ነው። ለእናቷ «ሰኞ አሞኛል ብለሽ ደውይልኝ» ብላታለች።

የሞከርኩት፦ ቸኮሌት። (ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አለ።) ቀልድ። (ባሰ።) እንደ ፈረንጅ መሐንዲስ መናገር። ድሮ ከወንበር የሚጥላት ነበር። ዛሬ «አባባ፣ ላጥና ነው» ብላ በሩን ዘጋችው። በጨዋነት ነው የዘጋችው። ያ ነው የከፋኝ።

ትዕግሥት ሽንኩርት እየከተፈች ሳታየኝ ተናገረች። «አባዬ፣ እኔንም እንዲህ ያደርጉኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እንግዳ ፊት ዘፈን አስጀምረውኝ ድምፄን አስመስለው ሰው አሳቁብኝ። ያስታውሳሉ?»

አላስታውስም።

«እኔ አስታውሳለሁ። እስከ ዛሬ ቢሮ ስብሰባ ላይ ልናገር ስነሣ ያ ሳቅ ይመጣብኛል።»

ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እኔ ዘፈኑንም አላስታውስ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ማኅበሩ መጣ። ካዛንቺስ የነበሩት ቤቶቻችን ከፈረሱ ወዲህ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበትኗል፤ በአሥራ አምስት ግን የሚቀር የለም። ሳሎኑ ጠበበ። ሜላት ክፍሏን ዘግታለች።

የንስሐ አባታችን ጸሎት አድርሰው፣ ጽዋው ከመዞሩ በፊት እንደ ወትሮው ጠየቁ። «ከመካከላችሁ የተቀያየመ አለ?» በእኛ ማኅበር የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከጽዋው አይቀምስም። እኔ ደግሞ የወሩ ደጋሽ ነኝ፤ ጽዋውን ለተረኛው ለንጉሤ የማስረክበው እኔ ነኝ። ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ «ንጉሤ ከሚስቱ ጋር!» ብዬ አስቃለሁ።

ዛሬ እጄን አወጣሁ። «አለ፣ አባ። እኔ አለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከሜላት ጋር።»

ሰዉ ሳቀ። ምን ያድርግ፣ ያስለመድኩት እኔ። አባ ግን አልሳቁም። «ጥፋቱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድ። እኛ እንቆያለን።»

የበረንዳውን በር የምናስደግፍበት ድንጋይ አለ። የፈረሰው ቤታችን ደጃፍ ላይ የነበረ ነው፤ ለማስታወሻ ያመጣሁት። አንሥቼ ጫንቃዬ ላይ አደረግሁትና በሯን አንኳኳሁ። ስትከፍት ዓይኗ ፈጠጠ።

«አባባ! ወገብዎ!»

«አጥፍቻለሁ። ሰው ፊት ሳቅኩብሽ። ይቅር በይኝ። ካላልሽኝ አላወርደውም።»

ከኋላዬ ኮሪደሩ በማኅበርተኛ ሞልቷል። ከዚያ ክንዷን አጣጥፋ «አሥራ አራቱን ይቁጠሩ» አለችኝ።

«ድንጋዩን እንደ ተሸከምኩ?»

«እንደ ተሸከሙ።»

የእኔ ዘር!

ጀመርኩ። መሮጥ። ሞተር። አፍንጫ። ታክሲ። ውሃ። ሱቅ። ስኳር። ስቶኪንግ። ትኩሳት። ምርጫ። ከዚያ... ከዚያ ጠፋብኝ። አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ላቤ ይወርዳል፣ ቃሉ የለም።

ንጉሤ አላስቻለውም። ከኋላ «እንግፋህ እንዴ?» አለኝ።

የሜላት የከንፈሯ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። ሐሙስ እኔ አፍ ላይ የነበረው ሳቅ ግን አይደለም። ልትነግረኝ ከጀለች። «ራ... ራ...»

ድንጋዩ ጫንቃዬን ይቆርጠኛል። ምላሴ ላይ ሦስት ቀልድ መጣ፤ ሦስቱንም ዋጥኩ። ጠበቅሁ።

«...ራን። ሰው መንገድ ላይ ድንገት ስናገኝ» አለች። ከዚያ የቀሩትን ሦስቱን ራሷ ጨረሰቻቸው። «አሁን ያውርዱት፣ አባባ።»

ንጉሤ ነው ያወረደልኝ። እሱም ጎንበስ ብሎ የራሱን ይቅርታ ጠየቃት። ጽዋው ዞረ። ሰኞ ትሄዳለች ወይ? አላለችም። እኔም አልጠየቅሁም።


እሑድ፣ ጥቅምት 16

ከአልጋ በአራት እግር ተነሣሁ። ሜላት ጀርባዬን ቅባት አሸችልኝ፤ ያመመኝ ቦታ ላይ ሆን ብላ ትጫናለች።

ቸኮሌቱ ከጠረጴዛው ላይ ጠፍቷል።

የታጠበው ነጠላ ጥለቱ ቀለም ለቆ ነጩን አበላሸው። ትዕግሥት ስትበሳጭ እኛ ሁለታችን እኩል «ራን!» ብለን ጮኽን። አሥራ አምስት። እስከ ምሽት አሥራ ስምንት ደረስን። ሃያ አልሞላም። ሁለት ቀረን።

እራት ላይ ድንገት «ነገ ከመጡ ሕግ አለ» አለችኝ። ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። «ብያዝ አይናገሩም። አይስቁም። ‹አይዞሽ› አይሉም። ከንፈርዎንም እንዳያንቀሳቅሱ።»

«ማስነጠስስ ይቻላል?»

«አባባ!»

«እሺ። ገባኝ።»


ሰኞ፣ ጥቅምት 17

የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሶ ተቀመጥኩ። ትዕግሥት ከቢሮ አስፈቅዳ መጥታለች። ሜላት ሰባተኛ ነበረች። ስሟ ሲጠራ ቀጥ ብላ ወጣች።

«ራ...»

ቆመ።

«ራ... ራ...»

አንዲት ልጅ ሳቋ አመለጣት። የመስኮቱን ብረት መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ትዕግሥት እጄን ያዘች። ስምንት፣ ዘጠኝ። እንዲህ ያለ ረጅም ጊዜ ፍሬን የበጠሰ መኪና ይዤ ቁልቁለት ስወርድም አላየሁም። አሥራ አንደኛው ብረት ላይ ቃሉ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ተያዘች። ሦስቱንም ጊዜ ቆማ ጠበቀችው፤ ሲመጣ ቀጠለች። አሥራ ስምንቱን ጨርሳ ትቀመጣለች ስል፣ ለእኔ ያልነገረችኝን አንድ ጨመረች። በዘር የሚወርድ ነገርም «ራን» ይባላል አለች። ምሳሌ ስትሰጥ በእንግሊዝኛዋ እኛ ቤት ተረብ እንደሚወርድ ተናግራ፣ «ያው አያቴ እዚያ ተቀምጠዋል» ብላ በጣቷ አሳየችኝ። ወላጅ ሁሉ ዞሮ ሳቀብኝ። የእኔን ጉልበት ከእኔ አገጭ ጋ ያየ በእርግጥ ይስቃል። ፊቴ ጋለ። ትዕግሥት እስክታለቅስ ሳቀች። ለዘፈኑም ጭምር መሰለኝ። ይገባኛል።

አስተማሪዋ ስንት ማርክ እንደሰጠቻት አናውቅም። ነገ ነው የሚነገረው።

ትዕግሥት ወደ ቢሮ ተመለሰች። እኛ ወደ ታክሲው ስንሄድ ሜላት እጄን ያዘች። «ሞተሩ ዘግይቶ ተነሣ፣ አይደል?»

አፌን ከፈትኩ።

«እርስዎ አይበሉት» አለችኝ። «እሱን እኔ ብቻ ነኝ የምለው።»

አፌን ዘጋሁ። እሷ እስከ ኦሎምፒያው ኬክ ቤት ስታወራ መጣች። መሐል መሐል ላይ ተይዛ ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም።