ጡሩምባው ከቁምሳጥን ይውጣልን

ለተከበሩ አቶ ገብረ መድህን፣ የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር
አሰላ

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ከእፍረቴ በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው ጉባኤ፣ ጡሩምባ ኋላቀር ነው ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ የተናገርኩት የኮምፒውተር መረብ ባለሙያው እንደሻው ነኝ። እርስዎም ሳይጠይቁ ሳይመረምሩ አስጨብጭበውልኝ፣ የለፋፊያችንን የአቶ ከዲሮን ጡሩምባ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈውታል። ለዚህ ፈጣን ውሳኔዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። አቤቱታዬ ግን በራሴ ላይ ነው፤ እነሆ፦

፩. የቀብር ጥሪ በቪዲዮ እንዲላክ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ያንኑ ቪዲዮ ለሁለት መቶ አባላት ለየብቻ፣ ሁለት መቶ ጊዜ፣ በዚያች በአንዲት ቀጭን የኢንተርኔት መስመር! ዋሽንት ሁሉ አስገብቼበታለሁ፣ ይበልጥ እንዲከብድ።

፪. በሙያዬ መልቲካስት የሚባል ዘዴ አለ። ላኪው አንድ ጊዜ ብቻ ይልካል፤ መንገዱ ለሁለት በሚገነጠልበት ቦታ ያለው መሣሪያ ያባዛዋል፣ ያውም ይድረሰኝ ብሎ የተመዘገበ ሰው ወዳለበት አቅጣጫ ብቻ። መስመሩም አይጨናነቅም። አቶ ከዲሮ ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ጋ አንዴ ይነፋሉ፤ በየመታጠፊያው ለአንድ ቤት ይነግራሉ፣ ያ ቤት ለቅያሱ ያደርሳል፤ አባል የሌለበት ቅያስ እግራቸውን አያስገቡም። እኔ አምስት ዓመት የተማርኩትን እሳቸው ሃያ ዓመት ዓይኔ ሥር ሲሠሩት ኖረዋል። ወይ መማር!

፫. ቅዳሜ ከሰዓት፣ የታመሙትን የክርስትና እናቴን እትዬ ወለተ ማርያምን ልጠይቅ ብርቱካን አንጠልጥዬ ታች ሰፈር ወረድኩ። ደጃቸው ላይ የእድራችን ድንኳን ተተክሏል፤ ለቀስተኛው ከቀብር ተመልሷል። ጠዋቱን ሙሉ የጭላሎን ብርድ ፈርቼ ስልኬን ታቅፌ ቤቴ ነበርኩ፤ አንድም ጥሪ አልደረሰኝም። ስልክ የሌላቸው አቶ ከዲሮ ከጎረቤት ሰምተው አፈር አልብሰዋቸዋል፤ እኔ ልጃቸው ግን አልነበርኩም። ይህ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ቁልፉን ፈልገው ጡሩምባውን እንዲያወጡና አቶ ከዲሮን ይቅርታ ጠይቀን እንድንመልሳቸው በትሕትና እለምናለሁ። እኔን ድንኳን ተሸካሚ ቢያደርጉኝ ይበቃኛል፤ እሱንም ተምሬ ነው።

አንገቴን ደፍቼ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣
እንደሻው ተክለወልድ
የመረብ ሊቅ ነኝ ባይ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ስፈርም ስልኬ ጮኸ። የእድሩ መልእክት ነው፤ እትዬ ወለተ ማርያም ማረፋቸውን ነግሮኝ፣ ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ስለሆነ እንዳልቀር ያስጠነቅቀኛል። ዛሬ ሰኞ ነው፣ ሣልስታቸው። ዋሽንቱ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።