በግራ ተረከዙ ያለቀ ጫማ

ይድረስ ለጫማ ሱቁ ባልደረባዬ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ለወጉ ጠየቅሁህ እንጂ ወገብህ ተጎድቶ አልጋ እንደያዝክ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ሰኞ አንድ ተማሪ ቢሮዬ መጣ። ትምህርቱን ሊያቋርጥ ስለሆነ የእኔ፣ የኮሌጁ ዲን ፊርማ አስፈልጎታል። ቀና ሳልል ዓይኔ እግሩ ላይ አረፈ፤ ልማዴን ታውቀው የለ! የግራ ጫማው ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል። ስሙን ሳልጠይቅ የማን ልጅ እንደሆነ አወቅሁ። እንደዚያ ጫማ የሚጨርስ ከአንተ ሌላ ሰው አላጋጠመኝም።

የእናቱን ማረፍ የሰማሁትም ከእሱ ነው። ነፍሷን ይማር፤ አንተንም ያጽናህ። አባቴ ታሟል፣ ሱቁን የሚጠብቅ የለም፣ እኔ ልግባበት አለኝ። ማቋረጤን አባቴ አላወቀም ብሏል። ይኸው አወቅህ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ያ ሱቅ ትዝ አለኝ። አንተ መሰላሉ ላይ፣ እኔ ከታች። ሠላሳ ስምንት ቁጥር ጥቁር ብዬ ስጣራ ሆን ብለህ ቡናማ ትወረውርልኝ ነበር። አጎትህ ደግሞ እናንተ ልጆች ሱቄን ልታዘጉኝ ነው ይሉናል። ፊት ይዋሻል፣ ጫማ አይዋሽም የሚሉትም እሳቸው ነበሩ። ዛሬም የአዲስ ቆዳ ሽታ ሲያጋጥመኝ ሆዴ ይባባል።

በቅርቡ ኮሌጁ ውስጥ ሥራ የት ጀመርሽ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጫማ ሱቅ ስላቸው የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ባንክ ስቀጠር እኮ መስኮቱ እግር ስለማያሳይ ሰው መለየት አቅቶኝ ከርሞ ነበር! ከዚያ ቅርንጫፍ መራሁ፤ ማታ ማታ አስተማርኩ፤ ዶክትሬቱም ዲንነቱም ተከተለ። ደንበኛ ማለት ምን እንደሆነ ግን የተማርኩት እዚያች አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ የሰው እግር ስለካ ነው።

ለዩኒቨርሲቲ ሁለታችንም ነበር ያለፍነው። አጎትህ ታመው አንዳችን መቅረት ግድ ሲሆን፣ አንቺ ሂጂ፣ እስክትመለሺ ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ አልከኝ። እኔን ግን ሥራ ሥራን እየወለደ ወሰደኝ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

ልጅህ ያንኑ የአንተን ቃል ሲናገር አላስቻለኝም። አልፈረምኩለትም። አባትህን አማክረህ ተመለስ ብዬ ሸኘሁት። አንተም ደግሞ ግትርነትህ ተነስቶብህ እንዳትከራከረኝ፤ ልጁ ይማር።

ታዲያ ሱቁን ማን ይጠብቃል ትለኝ ይሆናል። የዲንነት ዘመኔ በዚህ ወር ያበቃል። ቀጥይ ቢሉኝ እንቢ ብያለሁ። ቤቴም ቢሆን ስገባ የሚከፍትልኝ፣ ስወጣ የት ትሄጃለሽ የሚለኝ የለም። መሰላሉን ጉልበቴ አይችለውም፤ እሱ አንተ እስክትድን ይቆይ። በርጩማዋን ግን ከቦታዋ እንዳታስነሳት።

ፈጣሪ ወገብህን ይጠግንልህ፤ ደጅህ ላይ ቆመህ ለማየት ያብቃኝ።

ትመለሳለች የተባለችው ባልደረባህ