ስለ እማዬ ጋቢ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ቁስልሽ ጠገገ? ሩሃማስ እንዴት ናት? ሆድ ቁርጠቷ ተዋት ወይስ አሁንም በእንቅልፍሽ ትጫወትብሻለች? አባቷን ሰላም በዪልኝ። አማትሽንም እንደዚሁ፤ በአራስነትሽ ስለያዙሽ አያያዝ እግዚአብሔር ብድራቸውን ይክፈላቸው። እኔ አለሁ። ቁርስ ቤቱን መልሼ ከፍቻለሁ፤ ሹፌሮቹ ፉል ሲሉ ፉል፣ ጨጨብሳ ሲሉ ጨጨብሳ አቀርባለሁ። ደህና ነሽ ወይ ሲሉኝ ደህና ነኝ እላለሁ። ምን ልበላቸው ታዲያ? መነኸሪያ መሐል ቆሜ ላልቅስ?

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። አንቺ ስልክሽን ላውድ ሳታደርጊ ማውራት አይሆንልሽም። ባልሽም አማትሽም ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤትም አብሮሽ ይሰማኛል። ይህ ደግሞ ካንቺ ጆሮ ሌላ ሊገባ የማይገባ ነገር ነው። ስለዚህ ያክስታችን ልጅ እዮብ ከቡሌ ጎመን ጭኖ ወደ ሐዋሳ ሲያልፍ እሰጠዋለሁ። በደንብ አሽጌዋለሁ። ተከፍቶ ከደረሰሽ ንገሪኝ፤ ከዚያ ወዲያ እኔ ቤት ሻይ አይቀምስም።

ሩሃማን ይዘሽ ቡሌ እማዬ ዘንድ ልትወጪ መሆኑን ሰማሁ። ደግ አሰብሽ። ግን ሳትሄጂ ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ሳታውቂ ከሄድሽ ከአፍሽ ባመለጠ ባንድ ቃል እናታችንን ትገድያታለሽ። እያጋነንኩ እንዳይመስልሽ።

ወንድማችን ጆሲ የሞተው በኮንታክት አይደለም።

የጣሪያው ሽቦ ኮንታክት ፈጥሮ ነው ብለን የነገርንሽ እኛ ነን። በኦፕራሲዮን ወልደሽ ተኝተሽ ነበር፤ እውነቱን ሰምተሽ አንድ ነገር እንዳትሆኚብን ፈራን። ለእማዬም ያንኑ ሽቦ ነው የነገርናት። ከሷ የደበቅንበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ልጅቷን ለሰው ስጪና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ጆሲን የቀጠረውን የአሌክስን ፎቶ ቤት ታውቂያለሽ። ሰርግ የሚቀርጹባት ድሮን አለች አይደል፤ ከሷ ጋር የመጣው ቻርጀር ሲበላሽ አሌክስ አስመስሎ የተሠራ ርካሽ ገዛ። ምሳ ዕቃ የምታህል ናት። ባትሪዎቹን ሁሉ ባንዴ ትሞላለች፣ ቤትም ትሰካለች መኪና ላይም ትሰካለች፣ ለመንገድ ትመቻለች ብሎ። ጆሲ ማታ ቤታችን አምጥቶ ሲሰካት እንዴት እንደምትግል ብታዪ! እጅ አታሳርፍም። አንዴ የጠረጴዛዬን ላስቲክ አቅልጣ ተጣበቀችበት። ጆሲ ይህ ነገር ጤነኛ አይደለም፣ አንዱ ባትሪም ሆዱ ተነፍቷል ብሎ ለአሌክስ ነገረው። አሌክስ የማይሞቅ ቻርጀር የት አገር አይተሃል፣ ይህ የሰርግ ወቅት ይለፍና እንቀይራታለን አለው። ዲላ ላይ ደግሞ ሰርግ መቼ አልቆ ያውቃል!

ጆሲ ሲቸግረው የራሱን ሕግ አወጣ። ምንጣፉን ገልጦ ባዶ ሲሚንቶ ላይ መስኮቱ ሥር ያስቀምጣታል። መስኮቱ ክፍት ይሆናል። ልብስ የሚባል ነገር አጠገቧ አይደርስም። አንድ ቀን ሻርፔ ጫፏ ላይ ቢወድቅብኝ እንዴት እንደጮኸብኝ! ጆሲ በሰው ላይ ሲጮኽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ትንፋሽ ካጣች ትፈነዳለች፣ እኛንም ቤቱንም ይዛ ነው የምትሄደው አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ እባብ ዞሬ ነበር የማልፋት።

ለኔ የነገረኝ የሙቀቱን ነው። ለእማዬ የነገራት የብርዱን ነው። መዘዙ ሁሉ ይኸው ነው።

የጎረቤታችን የሙሉካ ሰርግ ቡሌ ነበር፤ አንቺ በእርግዝናሽ ምክንያት የቀረሽበት። ጠዋት ጉሙ ገና አልተነሳም፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ድሮኗ ባትሪዋ ቀዝቅዞ አልነሳም አለች። ጆሲ ባትሪዎቹን ሹራቡ ውስጥ ከትቶ ብብቱ ሥር አቅፎ ቆመ። ሚዜዎቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁበት። እማዬ ምን ሆነህ ነው ልጄ ስትለው፣ እነዚህ እኮ እንደ አራስ ልጅ ናቸው እማ፣ ብርድ ይገድላቸዋል አላትና አንዷን እሷ ብብት ውስጥ ወሸቀላት። ኧረ ደስታዋ! ድሮኗ ብድግ ስትል ከሙሽራዋ እናት በላይ እልል አለች። ሰርጉን ሙሉ ስታወራ የዋለችው፣ ያ የሚበረው ነገር በኔ ብብት ሞቆ ነው የበረረው እያለች ነበር። ሰውም አንቺማ ዘመንሽ ነው ይላታል።

ከሰርጉ በኋላ ዓይኗን ልታሳይ አብራን ዲላ ወረደች። እኛ ጋ ሰነባብታ በምትመለስበት ጠዋት፣ ሲነጋጋ ተነሣን፤ እኔ ወደ ቁርስ ቤት፣ እሷ ወደ ቡሌ መኪና። ዝናብ አድሮ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። መብራት ከማታው እንደጠፋ ነው። ጆሲ ኮንጋ ድረስ ሄዶ ሰርግ ቀርጾ አምሽቶ ገብቶ፣ እንደ ሬሳ ተኝቷል። ምን አይነት ቃል ነው የጻፍኩት፤ ይቅር በይኝ፣ አልሰርዘውም። ቻርጀሯን ሰክቷት ነው የተኛው፣ መብራት በመጣ ሰዓት ትሙላ ብሎ። ማን እንደዚያ የማያደርግ አለ? አንቺስ ስልክሽን ሰክተሽ አይደል የምትተኚው?

በሩ ላይ ስንደርስ እማዬ ቆዪኝ፣ ለልጄ ሳልጸልይለት ብላ ተመለሰች። ቆየችብኝ። ደጅ ቆሜ መኪናው ያመልጥሻል እያልኩ ስነጫነጭ ወጣች። መነኸሪያ ስንደርስ በሹራብ ብቻ መሆኗን አየሁና ጋቢሽስ አልኳት። ትቼለታለሁ፣ መስኮት ከፍቶ ነው እንዴ የሚተኛው፣ ዘግቼለት መጣሁ አለችኝ። ጆሲን አልብሳው የመጣች መስሎኝ፣ እሱማ ባለ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፣ የምትበርጂው አንቺ ነሽ ብዬ ሳቅኩባት። እሷም ሳቅ አለች። አሳፈርኳት፣ ሄደች።

መብራት ሲመጣ እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ሰዉ ሁሉ እንደልማዱ መጣ! ብሎ ጮኸ። እኔም አብሬ ጮኽኩ።

አከራያችን ወይዘሮ ጽጌማርያም ጭሱ ሲሸታቸው ነው ጎረቤት የጠሩት። በሩን ሰብረው ሲገቡ ጆሲ መስኮቱ ሥር ተደፍቷል፤ እየነደደ ያለውን ነገር አቅፎ በመስኮት ሊወረውር ታግሎ፣ መስኮቱን ሳይከፍት ጭሱ ጥሎታል። እጁ... እሱን አልጽፍልሽም። ቻርጀሯ የተጠቀለለችበት ጋቢ ጫፉ ሳይቃጠል ቀርቷል፤ አረንጓዴው ጥለት፣ አንቺም የምታውቂው። ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተወትፏል፣ ሕፃን ሲጠቀለል እንደሚወተፈው። እኛ ቤት እንደዚያ አድርጎ የሚጠቀልል ማን እንደሆነ ልንገርሽ?

ሆስፒታል ድምፁ ሳይዘጋ ያናገረኝ ስለዚሁ ነው። እሱም ገብቶታል። ለጠየቀ ሁሉ ራሱ ጆሲ ነው ረስቶ ልብስ የጣለባት በዪ አለኝ። እኔ ነኝ ብርድ ይገድላቸዋል ያልኳት፣ ስትሰካ ሌላ መሆኗን አልነገርኳትም አለኝ። ለእማ ግን ቻርጀር የምትባል ቃል እንዳታነሺባት፣ ሽቦ ነው በያት፣ በጌታ ስም ማዪልኝ አለኝ። ማልኩለት። ከዚያ ወዲያ የተናገረው ውሃ ብቻ ነው።

ይኸው እንግዲህ ወንድማችን ባላጠፋው ጥፋት ሰፈሩ ሁሉ ግዴለሽ ይለዋል። ወይዘሮ ጽጌማርያም ጣሪያቸውን ባዩ ቁጥር ያ ልጅ፣ ያ ልጅ ይላሉ፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። አሌክስ ደግሞ አያፍርም፣ ተጠንቀቅ ብዬው ነበር እያለ ይምላል! የፈላ ሻይ ፊቱ ላይ ብደፋበት ደስታዬ ነበር። ግን ጋቢውን አይቷል። አፉን እንዲይዝልኝ ስለምፈልግ ስኳር ጨምሬ አቀርብለታለሁ። እንዲህ ሆኜልሻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እማዬ በሹፌር ላከችብኝ፤ ጋቢዬን ላኪልኝ አለች። ጆሲ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛላት አይደል፤ ማስታወሻ ፈልጋ ነው ብዬ አሰብኩ። ታጥቦ ነው፣ ይደርቅና እልካለሁ አልኩ። ደግማ ላከች። ዝናብ ነው፣ አልደረቀም አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትልክ ገበያውን አካልዬ ባለ አረንጓዴ ጥለት ጋቢ አገኘሁ። አዲስነቱ እንዲጠፋ አጠብኩት፣ አሸሁት፣ ፀሐይ ላይ ጣልኩት፣ የቤት ሽታ እንዲይዝ ለብሼው ተኛሁ። አሮጌ እስኪመስል ደክሜበት ላክሁላት።

ሲደርሳት እዮብ እዚያው ነበር። ጥለቱን በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው፣ አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፣ እጇ ይባረክ በላት አለችው፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ ጋቢ የሚባል አላነሣችም። አመነች ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ስለ ውሸቴ አመሰገንኩት፣ አየሽ?

ግን ደህና አይደለችም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሊጠይቋት ሄደው የነገሩኝን ልንገርሽ። ያን ጋቢ ለጎረቤት ሽማግሌ ሰጥታዋለች። ብርድ ልብስ ቢወስዱላት አመስግና አጥፋ ታስቀምጠዋለች፤ አትለብሰውም። ማታ ምንም ሳትደርብ፣ መስኮቱን ወለል አድርጋ ነው የምትተኛው፤ በዚያ በቡሌ ብርድ! ሳል ይዟታል። ሲለምኗት ይሞቀኛል ትላለች። ሴቶቹ ሐዘን ነው፣ ሲከርም ይለቃታል ይላሉ። እኔም እንደዚያ ነው የማስበው። ሌላ ምን ይሆናል?

ስለዚህ ስትሄጂ እባክሽን እንዲህ አድርጊ። ቻርጀር፣ ባትሪ፣ ድሮን የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ። ስለ ጋቢው ከጠየቀችሽ እህቴ ስታጥበው በቪዲዮ አይቻለሁ በያት። እሳቱን ካነሣች ሽቦ ነው በይ፤ የመብራት ሰዎችም መጥተው አይተዋል ብለሽ ጨምሪበት። እና ተቆጥተሻትም ቢሆን አልብሺያት። አንቺን ትሰማለች፤ የበኩር ልጇ ነሽ። ሩሃማን ስትታቀፍ ደግሞ ልቧ ይመለስ ይሆናል። የቀረን ተስፋ እሷ ናት፤ አደራውን በአራስ ልጅ ላይ ጣልነው።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋ ስል እዮብ ከቡሌ ደረሰ። እማዬ ላንቺ መልእክት ልካለች። ያለችውን እንዳለችው እጽፍልሻለሁ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

ለእህትሽ ጻፊላት፣ ሕፃኗን ይዛ ስትመጣ ብርድ ነው ብላ እንዳታፍናት። ብዙ አታልብሳት። አትጠቅልላት። ስትተኛም መስኮት አትዝጋባት። እኔ አላቅፋትም፣ እጄ ደግ አይደለም፣ ከሩቅ አያታለሁ ይበቃኛል። ብርድ ማንንም አይገድልም ለካ፣ አለች።

እዮብን ደግሜ አስደገምኩት። በትክክል እንዲህ ነው ያለችው ይላል፤ እሷ ስትናገር ድምፅዋ ደህና ነበር፣ ፈገግም ብላለች ይላል። እማዬ ናት ይህን ያለችው፣ ፀሐይ ላይ እንኳ ካላለበስኳችሁ የምትለን እማዬ።

ከላይ እንዲህ በያት፣ እንዲያ በያት ያልኩሽን ሁሉ ተይው። ምንም አትበያት። ዝም ብለሽ ግቢና ሩሃማን ክንዷ ላይ አስቀምጪላት። እምቢ ብትል ምን እንደምታደርጊ እኔም አላውቅም።

መንገድሽን ጌታ ይጠብቅልሽ። ልጅሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ፤ አንቺንም ሳያጎድል ይጠብቅሽ። ለእማዬ እንቅልፍ ይስጥልን፤ ከዚህ ሌላ የምለምነው አላገኘሁም።

ናፋቂሽ፣
ታናሽ እህትሽ
ዲላ