ወይዘሮ መርየም እጃቸውን እንዳወጡ

ለክቡር አቶ ገረሱ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ባለፈው እሑድ ከእጅዎ ሳይወጣ የዋለው የድምፅ ማጉያ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከጉልበቴና ከኅሊናዬ በቀር ደኅና ነኝ።

በመጪው እሑድ ስብሰባ ላይ ስለ ዴሞክራሲያዊ ባህል በድጋሚ ንግግር እንዳደርግ የላኩልኝ ጥሪ ደርሶኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ «ክቡር አምባሳደር» ብሎ የሚጠራኝ ሰው ስለጠፋ፣ ስሜን እንዲህ በደማቁ ተጽፎ ሳየው ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ሆኖም መልሴን ከመስጠቴ በፊት ስላለፈው ስብሰባ የማቀርበው ምስጋና አለኝ፤ ውርደቴ በአደባባይ ስለነበር ምስጋናዬም በግልጽ ደብዳቤ፣ በአደባባይ እንዲሆን መረጥሁ።

አንደኛ፦ መድረኩ ላይ ከጎንዎ ስላስቀመጡኝና የታሸገ ውሃ ስላቀረቡልኝ አመሰግናለሁ። ከታች ልጅ ያዘሉ እናቶች ወንበር አጥተው ግድግዳ ተደግፈው ነበር፤ ውሃው ግን እንደ ንግግሩ ሁሉ መድረክ ላይ ለተቀመጥነው ብቻ የተመደበ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ሁለተኛ፦ የሰፈራችን ቤቶች ለመልሶ ማልማት እንደሚፈርሱና ነዋሪውም እጣ ወደ ወሰደው ወደ ከተማው ዳርቻ እንደሚበተን በዚያ ግልጽ አነጋገርዎ ስላስረዱን አመሰግናለሁ። እርስዎ ሲያስረዱን፣ የሟቹ የልብስ ሰፊው የሁመድ ባለቤት፣ የእድራችን ሰብሳቢ ወይዘሮ መርየም እጃቸውን አወጡ። የእድሩ አባላት አንዲት ጥያቄ ብቻ አሸክመዋቸው ነበር፤ ተነሡ ካላችሁን እንነሣለን፣ ግን አንድ ላይ ውሰዱን፣ የምትል። እርስዎም አዩዋቸውና ዕድሉን ለእኔ ሰጡኝ።

እኔም ተናገርሁ! ምን ያልተናገርሁት አለ? ባሕር ማዶ ሳለሁ የየአገሩ ባለሥልጣኖችም ጋዜጠኞችም «ለመሆኑ ሕዝባችሁ ይጠየቃል ወይ?» እያሉ ሲያፋጥጡኝ፣ የእኛ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ተሰብስቦ፣ ተማክሮ፣ ተደማምጦ የሚወስን ሕዝብ ነው እያልሁ አገሬን እከራከርላት እንደነበር አወራሁ። ዴሞክራሲ የሚጀምረው ከማዳመጥ ነው አልሁ። ይህን ሁሉ ስል ወይዘሮ መርየም እጃቸውን አላወረዱም። ሲደክማቸው በግራ እጃቸው የቀኙን ክርን ደገፉት። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ በየግብዣው እጅ ስነሣ የኖርሁ ሰው አይደለሁ? በንግግሬ ልባቸው ተነክቶ ሰላም የሚሉኝ መሰለኝና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልሁላቸው። ኧረ ምን ዓይነት ቅሌት ነው! ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ሦስተኛ፦ ስለ አቋም መግለጫው። ጸሐፊዎ ቆመው «እኛ የቀበሌው ነዋሪዎች በነጻነት ተወያይተን፣ እጣችን ወደሚያደርሰን ቦታ ሁሉ በደስታ ለመሄድ በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» ብለው ሲያነቡ፣ «ክቡር አምባሳደሩ ባደረጉት ጥልቅ ንግግር እጅግ ተደስተን» የሚልም ነበረበት። ወረቀቱ የተተየበው እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ነው። ብዙ ዋና ከተሞች ውስጥ ተናግሬአለሁ፤ ሳይሰማኝ የተደሰተብኝ ሕዝብ ግን ያገኘሁት በገዛ ቀበሌዬ ነው። ስሜ ሲነሣም ከሁሉ ቀድሜ አጨበጨብሁ።

ወይዘሮ መርየም በሩ ላይ ጠበቁኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ ነጋ፣ ሲናገሩ ያምርብዎታል። ግን እጄን አላዩትም እንዴ?» አሉኝ። አየሁት፣ ሰላም ያሉኝ መስሎኝ ነው አልኋቸው። ሳቁ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አብረንም ወደ ሰፈራችን ተመለስን።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ስለዚህ እድር አንድ ነገር ልንገርዎት። ባለቤቴ ወለተሰንበት ያረፈች ጊዜ እኔ በመንግሥት ሥራ ባሕር ማዶ ነበርሁ። እስክደርስ አልጠበቀችኝም። ድንኳኑን የተከሉት፣ ሬሳውን ተሸክመው የቀበሩት፣ ለቀስተኛውን ያስተናገዱት እነዚሁ እርስዎ በእጣ የሚበትኗቸው ሰዎች ናቸው። ወይዘሮ መርየም እህቷ መስለው ደጃፌ ላይ ሐዘን ተቀምጠው አገኘኋቸው። የእኔ ሕዝብ ተማክሮ ይኖራል እያልሁ ለባዕድ ስምል ያሰብሁት እነሱን ነበር፤ ፊት ለፊቴ ሲመጡ አላወቅኋቸውም። እኛስ የት ተበትነን፣ ማን ማንን ይቀብራል?

እንግዲህ ለጥሪዎ መልሴ ይህ ነው። እሑድ እመጣለሁ፤ መድረክ ላይ ግን አልወጣም። ለእኔ የተመደበውን ጊዜ በሙሉ ለወይዘሮ መርየም ሰጥቻለሁ። ጥያቄያቸው አጭር ናት፤ የተረፈው ሰዓት ለእርስዎ መልስ ይሆናል። ዕድሉን ከከለከሏቸው ግን እጃቸውን እንዳወጡ ይቆማሉ፤ እኔም ከጎናቸው የእኔን አወጣለሁ፤ የእድሩ አባላትም እንደዚሁ ለማድረግ ተስማምተዋል። ይህን እንኳ እውነትም ተማክረን ነው የወሰንነው።

ለሰጡኝ ክብር እጅ እየነሣሁ፣ ስለዚያው ክብር አንገቴን ደፍቼ የምኖር፣

ነጋ ሚደቅሳ
በጡረታ ላይ ያለ አምባሳደር፣ የልደታ ነዋሪ፣ የእድሩ አባል

ማስታወሻ፦ የእሑዱም የአቋም መግለጫ ከወዲሁ ተተይቦ እንደሚሆን ስለምገምት፣ ነዋሪው በእኔ ንግግር መደሰቱን የሚገልጸው መስመር እንዲሰረዝ በትሕትና እለምናለሁ። ደግሞም ከመድረክ ሆነው ከታች የወጣ እጅ ቢያዩ፣ ሰላምታ አይደለም። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ያረጀሁት፤ እርስዎ ግን ያን ዕለትም ያውቁ ነበር።