በጓዳው በር ሥር

እንጭኒ፣ ሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእናቴ፤ አምቦ

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ በዚህ ዝናብ እንዴት ያደርግሻል? የላክሁልሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሽው? የአባባስ ዐይን ተሻላቸው? ቀጥሎ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ ተብሎ ይጻፋል። ደኅና አይደለሁም፤ ስለዚህ አልጽፈውም።

አንቺ ፊደል ስላልቆጠርሽ ይህን የሚያነቡልሽ አባባ ናቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት የጻፍኩልሽን ከሰማሽ በኋላ ደውለሽ ስለ ምርቃቱ አመሰገንሽኝ። ምርቃቱ ሁለት መስመር ነበር፤ የቀረው ሁለት ገጽ ሙሉ ወቀሳ ነው። አባባ ዘለውታል። ስለዚህ ዘንድሮ ደብዳቤውን የሰጠሁት ሽማግሌ አድርገሽ ለላክሻቸው ለኦቦ ነገራ ነው። አጠገባችሁ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ግልባጩም ኪሳቸው ውስጥ አለ። አባባ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸውና ግልባጭ ለምን እንደሚያዝ አይጠፋቸውም።

አፏ የት ሄዶ ነው የማትደውለው ትይ ይሆናል። ስልክ ላይ ድምፅሽ ከፍ ሲል ምላሴ ይታሰራል። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። አዋልዳለሁ፣ ቁስል እሰፋለሁ፣ ከወረዳ ኃላፊ ጋር ፊት ለፊት እከራከራለሁ። አንቺ ሃሎ ስትይ ግን ስምንት ዓመቴ ይሆናል። ወረቀት ላይ አታቋርጪኝም።

ሄቨን ለክረምቱ ትምጣልኝ ብለሽ ሽማግሌ ላክሽብኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ለማስመጣት ሽማግሌ ሲላክ አይቼ አላውቅም። ኦቦ ነገራና ሁለቱ ሰዎች በጭቃው መጥተው ሳሎኔ ውስጥ ተቀመጡ። ኦቦ ነገራ በተለመደ ደግነታቸው ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እናትሽ አርጅታለች፣ የልጅ ልጇ ናፍቃታለች፣ በምን አስቀየመችሽ አሉኝ። ከዚያ ያንቺን ቃል አደረሱ። ምን በደልኳት፣ በኔ በርበሬ አይደለም ወይ ሰው የሆነችው፣ በኔ በርበሬ አይደለም ወይ ነርስ የሆነችው ብለሻል። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሸኝቻቸው ስመለስ ስለ ሳቄ ራሴን ጠላሁት።

በርበሬውን አንቺ ካነሳሽው እንግዲህ እንነጋገርበት። ኦቦ ነገራም ይስሙት፤ ሲስቁ የነበሩት ስለማያውቁት ነው።

ገበያ የምታወጪው በርበሬ የሚቀመጠው ጓዳ ነበር። ጓዳው መስኮት የለውም። ሳጠፋ የከሰሉን ምድጃ እዚያ ታስገቢና አንድ እፍኝ በርበሬ ትነሰንሽበታለሽ፤ እኔን ወደ ውስጥ ገፍትረሽ ትወጫለሽ። የበሩ መቀርቀሪያ የተሰበረ ስለነበር ካልያዙት አይዘጋም። አንቺ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ። በሩን የሚይዙት አባባ ናቸው።

ጥፋቴ ምን ነበር? አንዴ ሁሉቃ ወንዝ ወርጄ ዋኝቻለሁ። አንዴ ለእንግዳ የመጣ ስኳር ቅሜያለሁ። ብዙውን ጊዜ ግን ፍራሽ አርጥቤ ነው። ፍራሹን ያረጠብኩት ባለፈው ሳምንት ጓዳ ስለገባሁ ነበር፤ ጓዳ የምገባው ደግሞ ፍራሹን ስላረጠብኩ ነው። እንዲህ ስንዞር ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ።

መጀመሪያ ሰሞን እጮህ ነበር። የሚጮህ ሰው ብዙ ጢስ ይስባል። በኋላ ዘዴውን አገኘሁት። ቀሚሴን አፍንጫዬ ላይ አደርግና መሬት እተኛለሁ፤ አፌን በሩ ሥር ካለው ክፍተት ላይ አስጠግቼ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ ቀስ እያልኩ ከውጭ አየር እስባለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ይህን የሚያውቅ እዚያ የገባ ልጅ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ዐይኔን ስገልጥ የአባባ ጫማ ይታየኛል፤ ጥቁር ቆዳ፣ አፍንጫው የተላጠ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። አንድ ቀን ፈቀቅ ይል ይሆናል ብዬ እጠብቅ ነበር።

አባባ፣ እዚህ ጋ ድምፅዎን ዝቅ አያድርጉ። ጆሮዋ ደክሟል።

ባለፈው ነሐሴ ሄቨንን አንቺ ጋ ትቼ ጊንጪ ሦስት ሳምንት ሥልጠና ስገባ፣ ሥልጠናው ስለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ስለ ልጆች አእምሮ ነበር። አሠልጣኙ ሶፎንያስ ይባላል። ሰሌዳው ላይ አንጎል ሣለ፤ ድንች ነበር የሚመስለው። መሐሉ ላይ ባቄላ የምታህል ነገር አከበበና አደጋ ሲመጣ የምትጮኸው ይህች ናት አለን። ልጅ ደንግጦ የሚያቅፈው ሰው ሲያገኝ ትጮህና ዝም ትላለች። የሚያስፈራው ራሱ አሳዳጊው ከሆነ፣ ያውም እየደጋገመ ከሆነ ግን ዝም ማለት ያቅታታል። አንጎሉ ገና እየተሠራ ስለሆነ ፍርሃቱን ለምዶ በዚያው ይጠነክራል። ልጁ ትልቅ ሰው ይሆናል፤ ትዳር ይይዛል፣ ደመወዝተኛ ይሆናል፤ እሷ ግን ያኔ እንደጮኸች ናት። እንቅልፍ ያጣል፣ በትንሽ ነገር ይገነፍላል፣ ወይም ጭራሽ ምንም አይሰማውም። ሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል አላለም። የተጎዳም ይታከማል ብሏል፤ ያንንም ጽፌዋለሁ።

ከዚያ ከመሐላችሁ በበርበሬ የታጠነ እጁን ያውጣ አለ። ሠላሳ ሰው ነበርን። እጁን ያላወጣ ጥቂት ነው፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያልታጠነማ የት ያድጋል ተባለ። እኔም የራሴን ተነሥቼ አወራሁ፤ ማውራት እችልበታለሁና ከሁሉም በላይ ያሳቅሁት እኔ ነኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ወጥ ሠሪዋ በርበሬ ዘይት ላይ ጨመረች፤ ሽታው አዳራሽ ገባ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ወለሉ ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ አፌ የአዳራሹ በር ሥር እንደነበር ነው። ሶፎንያስ መሬት ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። 

ማታ ስለ ሄቨን አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ እናቴ አርጅታለች፣ ልቧ ለስልሷል፣ የልጅ ልጅ ከልጅ ይጣፍጣል ብዬ ተኛሁ። ለዚህ ማንም አልገፋፋኝም፤ ራሴ ነኝ ያልኩት።

ሄቨን ከአምቦ የተመለሰችው ጨዋ ሆና ነው። ትለፈልፍ የነበረች ልጅ ካልጠሯት አትናገርም፤ ከሰጧት ትበላለች፣ ካልሰጧት አትጠይቅም። አዲስ ትምህርት ቤት ከብዷት ነው ብዬ ፍራሿን ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ላንቺም ደውዬ ጥሩ አድርገሽ ያዝሽልኝ፣ ሥርዓት አስያዝሽልኝ ብዬ አመሰገንኩሽ። አንቺም አሜን አልሽ። ያችን አሜንሽን እስከ ዛሬ ልውጣት አልቻልኩም።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። ኦቦ ነገራ ሲወቅሱ እኔንም ጨምረው ይውቀሱ።

በሚያዝያ መጀመሪያ ጎረቤቴ ጉዩ ከሥራ ስገባ ጠብቃኝ፣ በእዝነት እጄን ይዛ፣ ምን ሆነሽ ነው ሽንት ቤት ገብተሽ የምታለቅሽው አለችኝ። ሄቨን ነግራታለች። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን የሠራው እጄ ነው። ባለቤቴ ምትኩ አልነበረም። ከሰሉ ቀድሞም ተያይዞ ነበር። በርበሬውን ነሰነስኩበት፣ ልጄን ማድቤት አስገባሁ፣ በሩን ዘጋሁና እጀታውን ያዝኩት። ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? የቤት ገመና ታወጫለሽ? ያንቺው ቃል ነው፤ ድምፁ ሳይቀር ያንቺ ነበር።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ሳል እንኳ የለም። ያ ዝምታ ነው ያነቃኝ። እናቴ፣ በሕይወቷ ሄቨንን በቁንጥጫ ካልሆነ ቀጥቼያት አላውቅም። እኔ ቤት ማድቤት ተዘግቶባት አያውቅም። በሩን ስከፍተው መሬት ተኝታለች። ቀሚሷ አፍንጫዋ ላይ ነው። ዐይኗን ጨፍናለች፤ አፏን በሩ ሥር አስጠግታ ቀስ እያለች ትተነፍሳለች።

አነሣኋት። ውጭ አውጥቼ ፊቷን ላጥባት ስል ራሷ ታጠበች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ በእግሯ ሥር ተደፋሁ። ትክ ብላ አየችኝና ያንቺ ጫማ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የአያቴ ጫማ ግን አይንቀሳቀስም አለችኝ።

ሌላ አልጠየቅኋትም።

በርበሬ ከቤቴ ወጥቷል፤ አልጫ እንበላለን። ለምትኩ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ቁጣዬ ሲመጣ ያውቀዋል፤ ያኔ ልጅቷን ይዞ ይወጣል። በየሁለት ሳምንቱ ሕክምና እሄዳለሁ። ሄቨንም ትሄዳለች። ባለፈው ጊዜ ድመት ሣለች፤ በር አልሣለችም ተብዬ ደስ አለኝ። በዚህ ነው የምደሰተው አሁን።

ኦቦ ነገራ፣ ለድካምዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሱ ይኸው ነው፤ ሄቨን አምቦ አትመጣም። ለክረምት አይደለም፣ ለአንድ ቀንም አይደለም። እናቴ ናፍቃኝ ነው ካለች ናፍቆት ትቻለው። እኔ ጓዳ ሆኜ እሷን ስናፍቃት ከበሩ ማዶ ነበረች።

እናቴ፣ ጉልበትሽን ይማርልሽ። ዕድሜም ይስጥሽ፤ ይህን ደብዳቤ ደግመሽ ደጋግመሽ የምትሰሚበት ዕድሜ። እንድትሞችብኝ አልፈልግም። ሳታውቂው እንድትሞችብኝ አልፈልግም። ይህ ከኔ የምታገኚው የመጨረሻ ምርቃት ከሆነም አሜን በይበት፤ አሜን ትችይበታለሽ።

አባባ፣ ለእርስዎ ለብቻ የጻፍኩት የለም። አንብበው ያበቁት ሁሉ የእርስዎም ነው። መቀርቀሪያው እስከ ዛሬ እንዳልተሠራ አውቃለሁ፤ አሁን መጠገኑ አያስፈልግም፣ በሩን ይንቀሉት።

ኦቦ ነገራን አንድ ነገር ብቻ ለምኛቸዋለሁ። እርስዎ ይህን ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ ጫማዎን እንዲያዩልኝ።

የሄቨን እናት