ፊልተሩ ላይ የቀባሁት ቫዝሊን

አርብ

ኤጭ! ዛሬም ቫዝሊን ቀባሁ። የካሜራዬ ሌንስ ላይ ሳይሆን ከፊቱ በሚጠለቀው የመስታወት ፊልተር ላይ። ፊት ያለሰልሳል፣ ጠባሳ ይሸፍናል። አርብ በዚህ በሰው አገር በቤት ሠራተኝነት ለሚያድሩት የአገራችን ልጆች እረፍት ስለሆነ፣ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ያለችው ስቱዲዮዬ ትሞላለች። ሁሉም ለቤተሰብ የሚላክ ፎቶ ነው የሚፈልጉት። "ወፈር፣ ቀላ አድርገን!"

ሙሉ የምትባል ልጅ ጉንጯን በሻሽ ሸፍና መጣች። ሸሚዝ አሳረርሽ ብላ ማዳሟ በካውያ አቃጥላታለች። "ጋሼ፣ እናቴ እንዳታይብኝ" አለችኝ። ራስ ዲካ የባሕር ዳርቻ ወስጄ፣ ባሕሩን ከኋላ አድርጌ አነሳኋት። ሙሽራ መሰለች። ስልኳ ላይ ጫንኩላትና እናቷ እንድታየው ለጎረቤታቸው ላከችው።

ቅዳሜ

ፎቶውን ደግሜ አየሁት። አንገሸገሸኝ።

ሥራ ስጀምር ለራሴ ያልኩት፦ አንደኛ ፊት፣ ሁለተኛ ብርሃን፣ ማሳመር መጨረሻ። አሁንስ? አንደኛ ባሕር፣ ሁለተኛ ቫዝሊን። ፊልተር የገዛሁት ሌንሴን ከጨውና ከአቧራ ላድንበት ነበር፤ የማዳምን ሥራ ደበቅኩበት። ቱ!

እሑድ

ዳቦ ግዢ ተብላ የተላከችው ሙሉ፣ ረጃጅሞቹን ዳቦዎች እንዳቀፈች እያለከለከች ገባች። እናቷ ፎቶውን አይታ እልል ብላለች። የሙሉን ታናሽ እህት፣ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ማክሰኞ ከደላላ ጋር ወደዚህ ልትልካት ነው። ሙሉ ደውላ እውነቱን ብትነግራት "አንቺ ደልቶሽ በእህትሽ ቀናሽ" ተባለች። ፎቶ እያለ ማን ወሬ ያምናል?

"በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና..." እያልኩ ስነጫነጭ "ጋሼ፣ ተረቱን ይተዉትና ያንሱኝ" አለችኝ።

እኔ ፊልተሩን ፈታሁ፣ እሷ ሻሿን። በመስኮት ብርሃን፣ ከቅርብ። የካውያው ሹል ጫፍ ሳይቀር ጉንጯ ላይ ታትሟል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አበላሸሁ። ሦስተኛውን ላክነው።

ሰኞ

ጠዋት አንድ ደንበኛ "ቀላ አድርገኝ" አለኝ። ቫዝሊን አልቋል አልኩት። ዋሸሁ፣ ግማሽ ብልቃጥ አለኝ።

ሙሉ በዳቦ ሰዓት ብቅ አለች። ጎረቤታቸው ደውላላታለች። እናቷ ፎቶውን ስታይ መጀመሪያ ስልኩ የቆሸሸ መስሏት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው አሉ። አልለቅ ሲላት ደግማ ጠረገችው። ከዚያ መሬት ቁጭ አለች።

ደላላው ነገ ጠዋት ይመጣል። የታናሽ እህቷ ሻንጣ ግን ለጉዞ ከተቀመጠበት ከበሩ ተነስቶ አልጋ ሥር ገብቷል አሉ።