መለመን የእኔ፣ እምቢ ማለት የእሱ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ ባሕሩንም የገዳማችሁንም አጥር ተሻግሮ ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ስትንበረከኪ ታቃስቻለሽ? አብረውሽ ያሉት እህቶችስ ደህና ናቸው? ያቺ ዜማ ላይ ድምፅዋ የሚሰነጠቅባት አሮጊት አሁንም እኔ ካልመራሁ ትላለች? እኔን ከጠየቅሽኝ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" የሚለውን እዚህ ላይ አልጽፈውም። ምስጋናው አለ። ደህንነቴን ግን አንብበሽ ስትጨርሺ አንቺው ፍረጂ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። "የባልሽን የኮርኔሊስን መጥፋት ሰማሁ፤ እህቴ ሆይ፣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ተቀበዪ" ይላል። አነበብኩና ተናደድኩ። እትዬ፣ አትቀየሚኝ። ስልክ በማይገባበት ግቢ ስለተቀመጥሽ ወሬ የሚደርስሽ አርፍዶ ነው፤ ተቀበዪ ለማለት ግን አንቺም እንደ ሌሎቹ ቸኮልሽብኝ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ከተራራው ላይ ዓሣ ነባሪ ታየ ተብሎ ሲጮህ ኮርኔሊስ በቆሎውን እያኘከ ሮጠ። ምሳ ቋጥሬ ስከተለው፣ "ተይው፣ ስመለስ ነባሪውን አበላሻለሁ" አለኝና ሳቀ። ትልቁ ጀልባ ጦሩን ተከለ። ነባሪው ግን አውሬ ነው፤ እየጎተተ ከደሴቶቹ ማዶ ወሰዳቸው፤ ሊያሰምጣቸው ሲል ገመዱን ቆረጡት። በዚያ ትርምስ ውስጥ ከኋላ ታስራ የነበረችው ትንሽ ታንኳ ተበጥሳለች። ትርፍ ገመድ ለማቀበል እሷ ላይ የነበሩት ኮርኔሊስና የጎረቤቴ የማርሴሊና ልጅ ፍሎሪ ናቸው። ነፋስ ተነሣ፣ ሞገድ መጣ፣ ታንኳዋ ወደ ደቡብ ስትሄድ በዓይናቸው እያዩ ሊደርሱባት አልቻሉም። የተመለሱት ወንዶች አሸዋው ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ነዳጅ እስኪያልቅ ፈለጉ። አልተገኙም።

እሁድ አልፎ እሁድ ሲተካ፣ የጎሳችን ሽማግሌ አማ ጎሪስ ሁለት ዛጎል በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው መጡ። የአባታችንን ዛጎል እኔና አንቺ ተሸክመን እንደቀበርን ታስታውሻለሽ። ሬሳ ሳይገኝ ሲቀር በሬሳው ፈንታ ዛጎሉ ይቀበራል፣ ነፍስም ከባሕር ወጥታ ታርፋለች። አንድ ነገር ግን አለው፦ ዛጎሉ እቤት ከገባ በኋላ "መልስልን" ብሎ መጸለይ የለም። ከዚያ ወዲያ ጸሎቱ "አሳርፍልን" ብቻ ነው።

አልቀበልም አልኩ። አማ ጎሪስ በደግነት ነው የጀመሩት፤ "ልጄ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" አሉኝ። "ማን ነገረዎት?" አልኳቸው። ደነገጡ። "አንቺ ሴት፣ አምላክን ልታስገድጂ ነው?" ሲሉኝ፣ "አላስገድድም፣ እየለመንኩ ነው። መለመን የእኔ ነው፣ እምቢ ማለት የእሱ። እምቢ ካለ ይበለኝ፤ እርስዎ ግን ስለ እሱ ሆነው እምቢ አይበሉኝ" አልኳቸው። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ብለው ሊገሥጹኝ ሞከሩ። "በቆሎም አይገባበትም" አልኩ። ሴቶቹ ወደ ግድግዳው ዞረው ሳቃቸውን ዋጡ፤ አማ ጎሪስ አንዱን ዛጎል ታቅፈው ሄዱ።

ሌላውን ማርሴሊና ተቀበለችው። ተይ ብያት ነበር። "ደክሞኛል፤ ባሌን ቀብሬአለሁ፣ ሁለት ሴት ልጆች ቀብሬአለሁ፣ መቅበሩን ለምጄዋለሁ። ያቃተኝ መጠበቁ ነው" አለችኝ። አብሬያት ሄድኩ፣ አብሬያት አለቀስኩ፤ የፍሎሪ ዛጎል በአባቱ ጎን ተቀበረ።

በማግሥቱ ግን ቤተ ክርስቲያን ገብቼ እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ፣ "ኮርኔሊስንና ፍሎሪን በእግራቸው መልስልን" አልኩ። ሁለቱንም። ጉድ ተባለ። የተቀበረ ሰው ስም ከሕያው ጋር ትቀላቅላለች፣ የማርሴሊናን ቁስል ትነካካለች ተባልኩ። የፍሎሪን ስም ልተወው ብዬ ሞክሬ ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ግን አንድ ታንኳ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎችን በምን አንጀቴ ከፍዬ ልለምን?

ወጣቱ ቄሳችን አባ ሊቦሪ ነገሩ ሲበዛባቸው አስጠሩኝ። "ለመሆኑ 'ፈቃድህ ይሁን' ትያለሽ?" ብለው ጠየቁኝ። "እላለሁ፣ አባቴ፤ መጨረሻ ላይ። ጌታችንም በዚያ አትክልት ስፍራ መጀመሪያ የልቡን ለምኖ ነው ራሱን ለአባቱ የሰጠው። ሰው ግን ልመናውን ሲሰለች 'ፈቃድህ ይሁን' ይልና ተነሥቶ ይሄዳል። ያ መታዘዝ ሳይሆን ድካም ነው" አልኳቸው። ከዚያ፣ "እንግዲያው ቀጥዪ፤ ደጁ ግን የአንቺ እንዳልሆነ አትርሺ" አሉኝ። ይህንንስ ልብ ብያለሁ። እኔ የሰው ደጅ የምጠና ነኝ፤ ባለቤቱ ሲፈልግ ይከፍታል፣ ሲፈልግ ይዘጋል። ግን እስኪነገረኝ ድረስ ከደጁ አልነሣም።

ከዚያ አንድ ቀን በስልክ ወሬ መጣ። ከደቡብ የሚመለስ የዓሣ አጥማጆች መርከብ ታንኳዋን አግኝቷታል። አንዱ በሕይወት አለ፤ ሌላው ቀድሞ ሞቶ፣ ታንኳዋ ላይ የቀረው ጸልዮ ለባሕር ሰጥቶታል። ያለውን ነገ ያመጡታል። ስልኩን ያነሣው የመንደራችን ሹም ነው። ታውቂው የለ? የዓሣ ዋጋ ሳይጠይቅ የማያድር ሰው፣ የቱ ነው ብሎ ስም መጠየቅ ረሳ! መልሶ ቢደውል መስመሩ እምቢ አለ።

መንደሩ ግን ስም አላስፈለገውም። ፍሎሪ ተቀብሯላ! ሴቶቹ እልል እያሉ ቤቴን ሞሉት። አንዷ ታቅፈኛለች፣ አንዷ የኮርኔሊስን ሸሚዝ ታጥባለች። እኔም፣ እትዬ፣ ደስ አለኝ። ያን ደስታ ዛሬ ሳስበው ያመኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መርከቡ ብቅ ሲል ሁሉም አሸዋው ላይ ነበር። ከጀልባ ቤቶቹ ጀርባ ማርሴሊናን አየኋት፤ እንደ አጋጣሚ ያለፈች ለመምሰል የጨው ቅርጫቷን ይዛ ቆማለች። ሄድኩባት። "እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" ብላት፣ "እኔ የቀበርኩ ሰው ነኝ፤ በምን ፊቴ እዚያ እቆማለሁ?" አለች። "የቀበርሽው ዛጎል ነው፤ ልጅሽን አልቀበርሽም፤ ነዪ" ብዬ ቅርጫቷን ከእጇ ወስጄ አስቀመጥኩና እየጎተትኩ ውኃው አፍ ድረስ አመጣኋት። እጇን እንደያዝኩ አጠገቧ ቆምኩ።

ከእኛ ወደ እነሱ ትንሽ ጀልባ ተላከች። መጸለይ ፈለግሁ፤ ምን ልበል? "የእኔን አድርገው" ብል፣ የያዝኩትን እጅ "የአንቺ አይሁን" ማለቴ ነው። ደፍሬ ስጸልይ ኖሬ አፌ ተሳሰረ። በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፦ "ሁለቱንም ለምኜሃለሁ፣ ልመናዬን አላነሣም። የሆነውን አንተ ታውቃለህ። ፈቃድህ ይሁን።" እትዬ፣ ያንን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ብዬዋለሁ፤ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ግን ያን ቀን ነው።

ጀልባዋ ተመለሰች። ሁለት ሰዎች ደግፈውት አንድ ሰው ወረደ። ገና ፊቱን ሳላይ፣ ውኃው ደረቱ ላይ ሲደርስ አየሁ። ኮርኔሊስ ረጅም ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ውኃው ከወገቡ አያልፍም።

የማርሴሊናን እጅ ለቀቅሁት። ሄደች፣ ልብሷን እንደለበሰች ባሕሩ ውስጥ ገባች። እኔ አሸዋው ላይ ወደቅሁ። ለእግዚአብሔር ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ በእመ ምኔቷ ይነበባል ብለሽኛል።

ከዚያ በኋላ ወሬው ተገለበጠ። "ማርሴሊና ፈቃዱን ተቀበለችና ተሰጣት፤ ያቺ ተሟገተችና ተነፈገች" ተባለ። ቤቴ ሳለሁ ጆሮዬ ደረሰ። ያፈረጠችው ራሷ ማርሴሊና ናት። ከቅዳሴ ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆማ፣ "እኔ ልጄን አልለመንኩም! ትቼው ነበር! ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ቀብሬ ቤቴ ገብቼ ነበር! ስሙን ሳትተው የለመነችው እሷ ናት። ከእንግዲህ አንድ ሰው አፉን ቢከፍት ጨው እሞላበታለሁ!" አለች። አማ ጎሪስ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቧ ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ያወራ የለም።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም ነበር። ለምን አንዱን ሰምቶ አንዱን እንዳልሰማኝ እየጠየቅሁ ከረምኩ። ትናንት ፍሎሪ በእግሩ መሄድ ቻለና መጣ። ከንፈሩ ገና አልዳነም። ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አሸዋ እየጫረ፣ እንደ እናቱ ጠርቶኝ፣ "ኢና፣ አማ ኮርኔሊስ የዝናቡን ውኃ እያጠራቀመ ለእኔ ነበር የሚሰጠኝ፤ እኔ ጠጥቻለሁ ይለኝ ነበር" አለኝ። ቀጥሎም ጎህ ሲቀድ ሲቀድ ኮርኔሊስ ጮክ ብሎ ይጸልይ እንደነበር ነገረኝ። አስቢው! ያ በቤተ ክርስቲያን አፉን ከፍቶ የማያውቅ ሰው! "ልጁን ለእናቱ አድርስልኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም" ይል ነበር አለኝ።

እንግዲህ እኔ ለሁለት ስለምን፣ ባሌ ደግሞ ማዶ ሆኖ ለአንዱ ይለምን ነበር። እዚያ ደጅ ላይ ብቻዬን የቆምኩ መስሎኝ ነበር።

"ስለ እኔስ ምንም አላለም?" ብዬ ፍሎሪን ጠየቅሁት። አቀረቀረ፤ ግን ፈገግ አለ። "እኔም እንደ አባቴ 'አማ፣ ለኢናስ አንጸልይላትም?' ብዬው ነበር" አለኝ። "'እሷ ራሷ ትጸልያለች፤ እሷ ለምና የምትተው ሴት መሰለችህ?' ብሎ ሳቀብኝ።"

ነገ አማ ጎሪስ ዛጎሉን ያመጣሉ። በሁለት እጄ እቀበለዋለሁ። "አሳርፍልኝ" የሚለውን ግን በለሆሳስ የምለው እንዳይመስልሽ። አንቺም እንደዚያው ለምኚለት፣ አትፈሪ።

ጉልበትሽን ይፈውስልሽ። ዜማችሁ አይጉደል፤ አጥራችሁን ሰላም ይክበበው። የምትለምኚውን ይስጥሽ፤ ካልሰጠሽም ካጠገብሽ አይራቅ።

የማትተወው ታናሽ እህትሽ